ሁለት ጥንድ ስፒከርና አንድ ነጠላ፦ ውድ ስፒከሮችን በራስ ሳሎን የማወዳደር ዝርዝር መመሪያ

ረጃጅሞቹን ስፒከሮቼን የገዛሁት አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሰምቼ ነው። የሱቁ ወለል ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ለብሷል፤ ዙሪያውን ወፋፍራም ሶፋ ተደርድሯል፤ ሻጩም ልሸጥልህ ያለውን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ይከፍታል። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያለው ቤቴ ስደርስ ሌላ ዕቃ የገዛሁ መሰለኝ። የዘፋኙ «ስ» ጆሮ ይበሳል። ቤዙ አንደኛው ማዕዘን ላይ ይጓጉራል፣ በር አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ግን ጨርሶ የለም። ስፒከሮቹ ያው ናቸው። የተቀየረው ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑ ነው።

በኋላ የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ከጀርመን ሲመጣ ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጡ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ሻንጣው ውስጥ ይዞ መጣና ሁለት ሳምንት ተወልኝ። ከታች ያለው አሠራር በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያወጣሁት ነው። ብዙውን ነገር መጀመሪያ በስህተት አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ስለ ስፒከር የሚጻፉ የውጭ ምክሮች አንድ ወንበር ክፍሉ መሃል አስቀምጠው ይጀምራሉ። የእኛ ሳሎን እንዲህ አይደለም። መጅሊሱ ሦስቱን ግድግዳ ይዞራል፣ እንግዳ አይጠፋም፣ ጥሩው ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የታላቅ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ለአንድ ወንበር የሚያምር ስፒከር ሳይሆን ሳሎኑን ሁሉ የሚያዳርስ ነው። ይህ ከታች ብዙ ውሳኔ ይለውጣል።

1. ሰዓቱንና መብራቱን ማመቻቸት

ክረምት ላይ አትሞክሩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳን በገና ሞንታርቦም አይሰማም። በበጋም ቢሆን ቀን ላይ ባጃጁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንና የሕፃናቱ ጫጫታ አለ። ለእኔ የተመቸኝ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። የበዓል ዋዜማ ከሆነ ማኅሌቱ ስላለ ሌላ ቀን ያዙ።

ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉት (መልሳችሁ መሰካቱን ግን አትርሱ፤ እኔ ረስቼ ሁለት ኪሎ ሥጋ ተበላሽቶብኛል፣ ቤት ውስጥ እስካሁን ይነሣል)። ቬንትሌተሩንም አጥፉ። መስኮት ክፍት ሲሆን ቤዝ ይወጣል፣ ሲዘጋ ይጠራቀማል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በዚያው ጽኑ። ሐይቁ ዳር ለምንኖር ምርጫው የትንኟ ነው፤ ዘግተን እናዳምጣለን።

የመስመሩ ኃይል 220 ቮልት ነው ቢባልም ምሽት ላይ ወረድ የሚልበት ቤት ብዙ ነው። ስታብላይዘር ካላችሁ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ስሙት። የብዙዎቹ ትራንስፎርመር «ዝዝዝ» ይላል፤ ከሆነ ሌላ ክፍል አውጥታችሁ በረዥም ገመድ አምጡት። ዙር መሃል መብራት ከሄደ ያንን ዙር ሰርዙት። በጄኔሬተር የተሰማውን በመብራት ከተሰማው ጋር አታወዳድሩ።

2. ክፍሉን ማወቅ

ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ትርርር» ብሎ ከተከተለ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ድምፁን እንደ ኳስ እየተቀባበሉት ነው። በዚህ ክፍል የትኛውም ውድ ስፒከር ርካሽ ይመስላል። መፍትሔው ደግሞ ቤት ውስጥ አለ፦ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፈር ያለ መጋረጃ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ። መጅሊሱ ራሱ ትልቅ ባለውለታ ነው፤ ስፖንጁ ብዙ ድምፅ ይውጣል። ትርርሩ እስኪጠፋ ወይም እስኪደክም ድረስ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ቀጥሎ ሜትር አምጡ። በእኛ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 345 ሜትር ያህል ይጓዛል። የዚህን ግማሽ፣ 172.5ን፣ ለክፍሉ ርዝመት ስታካፍሉ ክፍሉ ራሱ የሚያጓራበትን የመጀመሪያ ድምፅ ታገኛላችሁ። የእኔ ሳሎን 5 በ4 ሜትር ነው፣ እስከ ኮርኒሱ 2.8። ስለዚህ 34.5፣ 43 እና 62 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) አካባቢ ክፍሉ በራሱ ጊዜ ይጮኻል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ላይ መሆኑን ካሰባችሁ ያ የሚጓጉር ማዕዘን ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። ጥፋቱ የስፒከሩ አልነበረም፤ ማዕዘኑ ሦስቱም የሚደመሩበት ቦታ ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። በኋላ «ይኼኛው ቤዙ ይበዛል» ስትሉ በእነዚህ ኖታዎች ላይ ብቻ ከሆነ የሚወቀሰው ክፍሉ ነው።

«ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ይለወጣል» የሚል ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት እንጂ የአየር ግፊት አይደለም። 1800 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ስፒከሩ ባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ወደ አንድ ተኩል ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ዝቅ ሊል ይችላል፤ ግን ይህ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚደርስ ለውድድራችን ዋጋ የለውም።

3. ቦታ መስጠት

ትናንሾቹን ስፒከሮች ዱካ ወይም የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ፈተናውን ሳይጀመር መግደል ነው። ጠረጴዛው አብሮ ይዘፍናል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከአራት ማዕዘን ቱቦ ማቆሚያ አሠሩ። ቁመቱ ትዊተሩን (ከላይ ያለችውን ትንሿን ድምፅ ሰጪ) የተቀመጠ ሰው ጆሮ ላይ እንዲያደርሰው፣ መጅሊስ ዝቅ ስለሚል ወደ 70 ወይም 80 ሴንቲ፣ በሶፋ ከሆነ 90 እስከ 100። ቱቦው ውስጥ ደረቅ አሸዋ ሙሉበት። ለእኔ ከጠቅላላው ወጪ ትንሿ ይህች ናት፣ ለውጧ ግን ከምንም በላይ ተሰምቷል።

በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ያለው ተቀራራቢ ይሁን፤ ሁለት ሜትር ከሁለት ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከኋላ ግድግዳ ቢያንስ 60 ሴንቲ አርቁ። ከዚያ እግሮቹ ያረፉበትን ቦታ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው እዚያው ምልክት ላይ ይቆማል። የማይጫወተው ጥንድ ከክፍሉ ይውጣ፤ ዝም ያለ ስፒከርም ሸራው (እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል) ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያጋጫል።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሕ የጎደለው ነገር አለ። ለአንዱ የሚስማማ ቦታ ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ለምሳሌ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለተንቀሳቃሽ የስርጭት መኪኖቹ የነደፈው ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለ ስፒከር ቁመቱ 30 ሴንቲ ገደማ የሆነ የተዘጋ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ሰው ቀርቦ እንዲሰማው የታሰበ። ኳድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ደግሞ ሳጥን የሌለው ሰሌዳ ስለሆነ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያሰማል፤ ግድግዳ ካስጠጉት ይታፈናል። ሁለቱን አንድ ምልክት ላይ ማቆም ሁለቱንም መበደል ነው። ስለዚህ ሁለት ዙር አድርጉ፦ መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን በሚወደው ቦታ። ሁለተኛው ዙር ላይ ብቻ የሚያሸንፍ ስፒከር ካለ ጥያቄው «ያን ቦታ ለዓመታት ልሰጠው እችላለሁ ወይ?» ይሆናል። ሳሎን መሃል ቆሞ መተላለፊያ የሚዘጋ ስፒከር በእኔ ቤት አንድ ሳምንት አይቆይም።

4. ድምፁን እኩል ማድረግ

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የምትሰጡት እዚህ ነው። የሰው ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ «ከፍ ያለ» ብሎ ሳይሆን «የተሻለ» ብሎ ነው የሚሰማው። ሻጩም የተጫወተብኝ በዚህ ነው።

በካታሎግ ላይ የሚጻፈው ሴንሲቲቪቲ ስፒከሩ በ2.83 ቮልት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይናገራል። የእኔ ረጃጅሞቹ 90፣ የተዋስኳቸው ትናንሾቹ 86 ነበር። አራት ዴሲቤል ማለት ትንሹ እኩል ለመጮህ ሁለት ተኩል እጥፍ ኃይል ይፈልጋል ማለት ነው። የአምፕሊፋየሩን ቮሊዩም ሳትነኩ ብትቀያይሩ ትልቁ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ እኔም መጀመሪያው ቀን «ሳጥን የምታክለው ምን ታመጣለች» ብዬ ተኝቻለሁ።

የሚያስፈልገው ፒንክ ኖይዝ የሚባል የሙከራ ድምፅ ነው፤ በነጻ ይገኛል። ሲሰማ ራቅ ብላችሁ የምትሰሙትን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይመስላል። ከ500 እስከ 2000 ኸርዝ ብቻ የተወሰነውን ካገኛችሁ ይሻላል፣ ምክንያቱም የክፍሉ ቤዝ መለኪያውን አያሳስተውም። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑና ስልኩን ጭንቅላታችሁ በሚሆንበት ቦታ በማቆሚያ ላይ አስሩት፤ በእጅ አትያዙት። አፑ 75 ሲል በእርግጥ 75 ላይሆን ይችላል፣ ግን የምንፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ስልኩ ካልተነቃነቀ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ብቻ አጫውታችሁ 75 እስኪል ቮሊዩሙን አስተካክሉና ቦታውን ጻፉ። ግማሽ ዴሲቤል ልዩነት እንኳ እንዳይቀር ታገሉ።

የአምፕሊፋየሩ ቮሊዩም ቁጥር ከሌለው መልቲሜትር ተጠቀሙ። 1000 ኸርዝ ድምፅ ከፍታችሁ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩ ገመድ መውጫ ላይ ለኩ። አንዱ ጥንድ በ1.41፣ ሌላው በ2 ቮልት እኩል ከጮኹ የሦስት ዴሲቤል ልዩነት አላቸው፤ በየዙሩ ወደዚያው ቮልት መመለስ ቀላል ነው። ሌላ ብልሃት፦ ዘፈኑን ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንደኛውን በልዩነቱ ልክ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ቮሊዩሙን ማንም አይነካውም።

ገመድ ስትቀያይሩ አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ ውድ ትምህርት ነው። አምፕሊፋየራችሁ «ኤ» እና «ቢ» የሚል የስፒከር ቁልፍ ካለው መቀያየሩ ይፈጥናል፣ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አትክፈቱ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች አንድ ላይ ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፣ ብዙ አምፕሊፋየር ይህን አይችልም።

5. የሚደመጠውን መምረጥ

ቴሌግራም ላይ አስር ጊዜ የተላለፈ ፋይል አትጠቀሙ። ተጨምቆ ተጨምቆ ያለቀ ድምፅ ሁለቱም ስፒከር ላይ እኩል ያስቀይማል። ሲዲ ወይም ፍላክ (ጥራቱ ያልተቀነሰ) ፋይል ያዙ። አምስት ቅጂ፣ ከእያንዳንዱ ሠላሳ ሰከንድ። የድምፅ ለዛ ከአእምሮ ቶሎ ስለሚጠፋ ሙሉ ዘፈን ሰምቶ ማወዳደር ትዝታን ማወዳደር ነው።

የእኛ መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በገና አንዱ ነው። አሥሩ ክሮች ከብርኩማው ላይ ሲያልፉ ከሥራቸው የምትገባው ቁርጥራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ያንን የሚታወቀውን መንዘር ትሰጣለች። ጥሩ ስፒከር ላይ የክሩ ወፍራም ድምፅና የእንዚራዋ ንዝረት ከአንድ ቦታ ይመጣሉ፤ መጥፎው ላይ ንዝረቱ ከላይ፣ ውፍረቱ ከታች ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ማሲንቆ የመሃሉን ድምፅ ይፈትናል፦ የፈረስ ጭራው ሲፋቅ ሻካራነቱ መሰማት አለበት፣ ግን ጥርስ እንዳያፋጭ። ከበሮ ላይ ሰፊው ፊትና ጠባቡ ፊት የተለያየ ድምፅ መስጠታቸውን፣ ምቱም ቶሎ መቆሙን ተከታተሉ። ለከፍተኛው ድምፅ ጸናጽል። የድሮ ካሴት ቅጂዎችን ለደስታ አድምጡ እንጂ ለትሬብል (ለቀጭኑ ድምፅ) ዳኝነት አታቅርቡ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ሙዚቃ አይደለም። ቤት ውስጥ የምታውቁትን ሰው ድምፅ በጥሩ ማይክ በረንዳ ላይ ቅዱ፤ ቀጥሎ ሰውዬውን ስፒከሩ አጠገብ አቁማችሁ ያንኑ ይናገር። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው፦ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። «ጥቁር ጭስ ከጣራው ጫፍ ቀስ ብሎ ጸዳ» የሚለውን አስነብቡት። ዝርክርክ ስፒከር «ጠ»ን ወደ «ተ»፣ «ቀ»ን ወደ «ከ» ያጠጋጋዋል። ድምፁ ከአፍንጫ ወይም ከገንቦ ውስጥ የሚመጣ ከመሰለ ስፒከሩ የራሱን እየጨመረ ነው።

6. ነጠላውን መጋረድ

የስፒከር ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ሥራ ያንኑ ስፒከር አድማጮች እያዩ ሲሰሙና ሳያዩ ሲሰሙ የሚሰጡት ነጥብ ተለያየ፤ መጠን፣ መልክና ስም ጆሮን ይጎትቱ ነበር። ብዙ የሰሙ ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። እናም «እኔ አልታለልም» የሚል ሰው መጀመሪያ ይጋረድ።

ወፍራም መጋረጃ ትሬብሉን ይበላል፣ ጋቢም እንዲሁ። ነጠላ ግን ለዚህ የተሸመነ ይመስላል፦ ዓይን ይጋርዳል፣ ድምፅ ያሳልፋል። ለማረጋገጥ ፒንክ ኖይዙን (ያልተወሰነውን፣ ሙሉውን) ከነጠላው ጋርና ያለነጠላው ለኩ፤ ቁጥሩ ካልተቀየረ ተስማምቷል። ጥለቱ ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አድርጉት፣ እሱ ወፈር ይላል። ከኋላ መብራት ካለ ጥላው ያጋልጣልና ከስፒከሩ በኩል ያለውን አምፖል አጥፉ።

አንድ ረዳት ያስፈልጋል። የእኔ የእኅቴ ልጅ ነው፤ ደመወዙ የሚሪንዳ ጠርሙስ። ሥራው ሳንቲም መወርወር፣ በወጣው መሠረት «ሀ» ወይም «ለ»ን ማቆም፣ መመዝገብና ዝም ማለት ነው። ፈገግ ቢል ጨዋታው ፈረሰ። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ብቻ ይሰማ፤ ሁለት ሲሆን የስቴሪዮው ስፋት ጉድለትን ይሸፍናል፣ አንድ ብቻ ሲሆን ይጋለጣል። እናንተ ከአሥር ነጥብ ሰጥታችሁ በአንድ ቃል አስረዱ፦ የታፈነ፣ ሻካራ፣ ጎርናና፣ ጥርት ያለ። «ያምራል» አይቆጠርም።

እኔ ሰዓቱን በቡና ነው የለካሁት። በአቦል አንድ ስፒከር በአምስቱም ቅጂ፣ በቶና በሁለት ስፒከር፣ በበረካ ቦታቸውን ቀይሮ። በስኒዎቹ መካከል ጆሮ ያርፋል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ «የትኛው ነው?» የሚለውን ብቻ አሥር ጊዜ ገምቱ። ስምንቱን ማግኘት በዕድልም ከሃያ አንዴ በላይ ሊገጥም ይችላል፤ ዘጠኝ ካገኛችሁ ግን በእርግጥ እየሰማችሁ ነው።

7. መጅሊሱን መዞር

ነጠላው ሳይነሣ ቦታ ቀይሩ። በር አጠገብ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ከዚያም ወጥ ቤት። ብዙ ስፒከሮች ፊት ለፊት ጥሩ ሆነው ወደ ጎን ሲሉ መሃለኛው ድምፅ ይጎድላቸዋል፤ ያ የጎደለ ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ መሃል የተቀመጠውንም ይረብሻል። ኬፍ የተባለው ስፒከር ሠሪ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ትዊተሩን በትልቁ ሸራ መሃል ማስቀመጡ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ ተቀራራቢ እንዲሆን። ለመጅሊስ ቤት ይህ ከቤዝ ጥልቀት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ወጥ ቤት ያለ ሰው የሚለውን አትናቁት። ባለቤቴ ስለ ኸርዝ ግድ የላትም፤ ሽንኩርት እየከተፈች ግን «አሁን ያለው ሰውዬው እዚህ ያለ ይመስላል፣ የቅድሙ ሬዲዮ ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ስናየው የቅድሙ የእኔ ረጃጅሞቹ ነበሩ።

8. ሳምንት መስጠት

አዲስ ስፒከር መቶ ሰዓት ካልተጫወተ አይፈረድበትም የሚሉ አሉ። የጎማው ጠርዝ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ይላላል፤ ከዚያ በኋላ በብዛት የሚለምደው ጆሯችን ነው። ለዚህም ነው ከጋረዳችሁት ፈተና በኋላ እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው ጥቂት ቀን ማቆየት የሚጠቅመው። ማታ ሰው ተኝቶ ዝቅ አድርጋችሁ ስትሰሙ ቃላቱ ይለያሉ? ከሁለት ሰዓት በኋላ ሳታውቁት እጃችሁ ወደ ቮሊዩም ይሄዳል? ለሠርግ ቪዲዮ፣ ለዜና፣ ለኳስ? ይህ በነጥብ አይሞላም፤ ማታ ማታ አንድ መስመር ጻፉ።

የእኔ ውጤት እንዲህ ነበር፦ በአንድ ስፒከር ዙር ትንሹ በሁሉም ቅጂ በለጠ። በከበሮና በቤዝ ጊታር ትልቁ መለሰ። በር አጠገብ ትንሹ በሰፊው በለጠ። ረጃጅሞቹን ሸጥኳቸው፤ ካወጣሁባቸው ባነሰ ዋጋ።

የተበደራችሁትን ስትመልሱ ቮሊዩም፣ ቮልትና የእግር ምልክቶቹን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ የራሳችሁ ሲመጣ ከዜሮ አትጀምሩም። በባጃጅ ከሆነ ሳጥኑን አቁሙት፣ ፊቱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አዙሩትና በጋቢ ጠቅልሉት። ትዊተሯን ጣት የነካት እንደሆን አትመለስም።